የፋይል ማኔጀር አቋራጭ ቁልፎች

የፋይል ማኔጀር አቋራጭ ቁልፎች በኮምፒዩተር ላይ ያሉ ፋይሎችንና ፎልደሮችን ያለ ማውስ፣ በኪቦርድ (የቁልፍ ሰሌዳ) ብቻ ለመክፈት፣ ለመቅዳት፣ ለማዛወር፣ ስማቸውን ለመቀየርና ለማጥፋት የሚያገለግሉ ቁልፎች ወይም የቁልፍ ጥምረቶች ናቸው። ፋይል ማኔጀር በዲስክ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ በዝርዝር አሳይቶ ተጠቃሚው እንዲያደራጀው የሚያስችል ፕሮግራም ነው። ከታወቁት መካከል የዊንዶውስ ፋይል ኤክስፕሎረር፣ የማክ ፋይንደር፣ እንዲሁም የሊኑክስ ናውቲለስ፣ ዶልፊንና ቱናር ይገኛሉ።

አቋራጭ ቁልፎች በሁሉም ፕሮግራሞች ውስጥ አሉ፤ በፋይል ማኔጀር ግን ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። በጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ውስጥ በስህተት የተጫነ ቁልፍ ቢበዛ አንድ አንቀጽ ያጠፋል። በፋይል ማኔጀር ውስጥ ግን ያው ስህተት ሙሉ ሰነድ፣ አንዳንዴም ብዙ ፋይሎች የያዘ ፎልደር ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ እነዚህን ቁልፎች ማሻሻል ማለት ሥራን ማፍጠን ብቻ አይደለም። ቁልፉ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ትርጉም እንዲኖረው፣ በስክሪን ላይ በግልጽ እንዲታይ፣ በስህተት ቢጫን ጉዳቱ የሚመለስ እንዲሆን፣ እንዲሁም በተለያየ ቋንቋና የኪቦርድ አደራደር እንዲሠራ ማድረግን ይጨምራል።

ሁለቱ የቁልፍ ዓይነቶች

በሜኑ ላይ የሚታዩ ቁልፎች በአሠራራቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። ብዙ ጊዜ ስለሚምታቱ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቀጥተኛ አቋራጭ፦ ሜኑው ሳይከፈት የሚሠራ ቁልፍ ወይም ጥምረት ነው። ለምሳሌ ኮንትሮል + ሲ የተመረጠውን ፋይል ይቀዳል፤ ኤፍ 2 ስም ለመቀየር ያስችላል። በሜኑው ውስጥ ከትእዛዙ ስም ፊት ለፊት፣ በመስመሩ ጫፍ ላይ ይጻፋል። ተጠቃሚው ቁልፉን በቃሉ መያዝ አለበት።

የሜኑ ፊደል፦ በትእዛዙ ስም ውስጥ ከሥሩ የተሰመረበት አንድ ፊደል ነው። የሚሠራው ሜኑው ተከፍቶ ሲታይ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ዊንዶውስ ፕሮግራሞች ኦልትን ከኤፍ ጋር መጫን የፋይል ሜኑን ይከፍታል፤ ከዚያ በኋላ የተሰመረበትን ፊደል ብቻ መጫን ትእዛዙን ያስፈጽማል። ተጠቃሚው ምንም በቃሉ መያዝ አያስፈልገውም፤ ስክሪኑን እያነበበ ይጫናል።

ልዩነቱ በቁጥርም ይታያል። ቀጥተኛ አቋራጮች ውስን ናቸው፤ አንድ ጥምረት በአንድ መስኮት ውስጥ ለአንድ ትእዛዝ ብቻ ሊውል ይችላል። የሜኑ ፊደል ግን በዚያው ሜኑ ውስጥ እስካልተደገመ ድረስ በሌላ ሜኑ እንደገና ጥቅም ላይ ይውላል። ስለዚህ ለሁሉም ትእዛዞች ቀጥተኛ አቋራጭ መስጠት ባይቻልም ለሁሉም የሜኑ ፊደል መስጠት ይቻላል።

ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የሜኑ ፊደሉን የሚያመለክተው በትእዛዙ ስም ውስጥ ከፊደሉ በፊት አንድ ምልክት በማስገባት ነው። በዊንዶውስና በኪውት ምልክቱ «&» ሲሆን በጂቲኬ «_» ነው። ምልክቱ በስክሪን ላይ አይታይም፤ በምትኩ ከፊደሉ ሥር መስመር ይሰመራል።

ታሪክ

ፋይሎችን በሥዕል መልክ ያሳዩ የመጀመሪያዎቹ የንግድ ኮምፒዩተሮች ጥምረት ሳይሆን ለየትእዛዙ የተሠራ ቁልፍ ይጠቀሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ዜሮክስ ስታር በኪቦርዱ ላይ «አዛውር»፣ «ቅዳ»፣ «ክፈት»፣ «አጥፋ» የሚል ትርጉም ያላቸው የተለዩ ቁልፎች ነበሩት። እነዚህ ቁልፎች ለጽሑፍም፣ ለሥዕልም፣ ለፋይልም በተመሳሳይ መንገድ ይሠሩ ነበር። አንድ ትእዛዝ በሁሉም ቦታ አንድ ቁልፍ ይኑረው የሚለው ሐሳብ እስካሁን ድረስ መሠረታዊ መርህ ሆኖ ቆይቷል።

እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የአፕል ሊሳ ኮምፒዩተር መቀልበስን ለዜድ፣ መቁረጥን ለኤክስ፣ መቅዳትን ለሲ፣ መለጠፍን ለቪ ሰጠ። ከዚህ ሥራ ጀርባ ከዜሮክስ ወደ አፕል የተዛወረው ላሪ ቴስለር ይጠቀሳል። አራቱ ፊደላት በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ታችኛው መስመር ላይ በግራ በኩል ጎን ለጎን ስለሚገኙ ቀኝ እጅ ማውሱን እንደያዘ በግራ እጅ መጫን ይቻላል። በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ ደግሞ ቀጥተኛ አቋራጮችን በሜኑው ውስጥ ከትእዛዙ ጎን አሳየ። የኮማንድ ቁልፍ ምልክት በመጀመሪያ የአፕል ዓርማ ሊሆን ታስቦ ነበር። ሜኑዎቹ በዓርማው ተሞሉ በመባሉ ግን ሱዛን ኬር በስካንዲኔቪያ የሚጎበኙ ቦታዎችን ለማመልከት የሚያገለግለውን ቋጠሮ መሳይ ምልክት መረጠች።

በዶስ ዓለም በ1986 የወጣው የጆን ሶቻ ኖርተን ኮማንደር ሌላ መንገድ ያዘ። ከስክሪኑ ግርጌ ባለ አንድ መስመር ላይ የኤፍ ቁልፎችን ከነሥራቸው ዘርዝሮ ሁልጊዜ ያሳይ ነበር፦ ኤፍ 3 ለማየት፣ ኤፍ 4 ለማረም፣ ኤፍ 5 ለመቅዳት፣ ኤፍ 6 ለማዛወር፣ ኤፍ 7 አዲስ ፎልደር ለመፍጠር፣ ኤፍ 8 ለማጥፋት። ተጠቃሚው ቁልፎቹን በቃሉ ባይዝ እንኳ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ያነባቸዋል። ይህ አደራደር በሚድናይት ኮማንደር፣ በፋር ማኔጀርና በቶታል ኮማንደር እስከ ዛሬ አለ።

አይቢኤም በ1987 ያወጣው የተጠቃሚ ገጽታ ደንብ ደግሞ ከሥር የተሰመረበትን የሜኑ ፊደል፣ ኤፍ 1ን ለእርዳታና ኦልት + ኤፍ 4ን መስኮት ለመዝጋት አስፋፋ። በዚሁ ደንብ መሠረት መቁረጥ ሺፍት + ዲሊት፣ መቅዳት ኮንትሮል + ኢንሰርት፣ መለጠፍ ሺፍት + ኢንሰርት ነበር። ዊንዶውስ መጀመሪያ ይህን ተከተለ፤ በኋላ በ1990ዎቹ ውስጥ ከማክ የመጡትን ኤክስ፣ ሲና ቪ ከኮንትሮል ጋር አድርጎ ዋና አቋራጮቹ አደረጋቸው።

ከ1990 ጀምሮ ከዊንዶውስ 3.0 ጋር የቀረበው ፋይል ማኔጀር ለማዛወር ኤፍ 7ን፣ ለመቅዳት ኤፍ 8ን ይጠቀም ነበር። በኖርተን ኮማንደር ኤፍ 8 ማጥፊያ ስለነበር ከዊንዶውስ ወደ ዶስ የተሻገረ ሰው «ቅዳ» ብሎ የሚጫነው ቁልፍ የማጥፊያውን ትእዛዝ ይጠራበታል። ዊንዶውስ 95 ይህን ትቶ በኤክስፕሎረር ውስጥ ፋይሎችም እንደ ጽሑፍ በኮንትሮል + ኤክስ፣ በኮንትሮል + ሲና በኮንትሮል + ቪ እንዲዛወሩና እንዲቀዱ አደረገ፤ የተጠፋ ፋይል የሚቆይበትን ሪሳይክል ቢንም አመጣ።

በዋና ዋና ስርዓቶች የተለመዱ ቁልፎች

በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚሠራባቸው የሚከተሉት ናቸው።

• የተመረጠን ፋይል መክፈት፦ በዊንዶውስና በሊኑክስ ኢንተር፤ በማክ ኮማንድ + ኦ።
• ስም መቀየር፦ በዊንዶውስና በሊኑክስ ኤፍ 2፤ በማክ ሪተርን (የኢንተር ቁልፍ)።
• መቅዳትና መለጠፍ፦ በዊንዶውስና በሊኑክስ ኮንትሮል + ሲ፣ ከዚያ ኮንትሮል + ቪ፤ በማክ ኮማንድ + ሲ፣ ከዚያ ኮማንድ + ቪ።
• ማዛወር፦ በዊንዶውስና በሊኑክስ ኮንትሮል + ኤክስ፣ ከዚያ ኮንትሮል + ቪ፤ በማክ ኮማንድ + ሲ፣ ከዚያ ኮማንድ + ኦፕሽን + ቪ።
• ወደ ቆሻሻ መጣያ መላክ፦ በዊንዶውስና በሊኑክስ ዲሊት፤ በማክ ኮማንድ + ዲሊት።
• ለዘለቄታው ማጥፋት፦ በዊንዶውስና በሊኑክስ ሺፍት + ዲሊት፤ በማክ ኦፕሽን + ኮማንድ + ዲሊት።
• አዲስ ፎልደር፦ በዊንዶውስ፣ በናውቲለስና በቱናር ኮንትሮል + ሺፍት + ኤን፤ በማክ ኮማንድ + ሺፍት + ኤን።
• ወደ ላይኛው ፎልደር መውጣት፦ በዊንዶውስና በሊኑክስ ኦልት + ወደ ላይ ቀስት፤ በማክ ኮማንድ + ወደ ላይ ቀስት።
• ስለ ፋይሉ ዝርዝር መረጃ ማየት፦ በዊንዶውስና በሊኑክስ ኦልት + ኢንተር፤ በማክ ኮማንድ + አይ።
• የመጨረሻውን ሥራ መቀልበስ፦ በዊንዶውስና በሊኑክስ ኮንትሮል + ዜድ፤ በማክ ኮማንድ + ዜድ።

ከዝርዝሩ እንደሚታየው የኢንተር ቁልፍ በዊንዶውስ ፋይል ሲከፍት በማክ ስም ለመቀየር ያዘጋጃል። ሁለቱንም የሚጠቀም ሰው በዚህ ቁልፍ በተደጋጋሚ ይሳሳታል።

የጊዜ ስሌት

አቋራጭ ቁልፍ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆጥብ ለመገመት ስቱዋርት ካርድ፣ ቶማስ ሞራንና አለን ኒውዌል እ.ኤ.አ. በ1980 ያቀረቡት የቁልፍ ምት ስሌት ያገለግላል። በዚህ ስሌት እጅን ከኪቦርድ ወደ ማውስ ማንሳት 0.4 ሰከንድ፣ በማውስ አንድ ነገር ላይ ማነጣጠር በአማካይ 1.1 ሰከንድ፣ አንድ ቁልፍ መጫን ደግሞ ለመካከለኛ ጸሐፊ 0.28 ሰከንድ ያህል ይወስዳል።

በእነዚህ ቁጥሮች መሠረት በማውስ ሜኑ ከፍቶ አንድ ትእዛዝ ለመምረጥ እጅ ወደ ማውስ ሄዶ ይመለሳል (0.8 ሰከንድ)፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ያነጣጥራል (2.2 ሰከንድ)። ክሊክ የማድረጊያው ጊዜ ሳይጨመር 3 ሰከንድ ይሆናል ማለት ነው። ሁለት ቁልፎችን መጫን ግን 0.56 ሰከንድ ይበቃዋል። ልዩነቱ ለአንድ ጊዜ ትንሽ ነው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ፎቶዎችን ስም እየቀየረ ለሚያደራጅ ሰው ግን ብዙ ደቂቃዎች ነው።

ይሁን እንጂ ፈጣን መሆኑ ብቻ ሰዎች እንዲጠቀሙበት አያደርግም። ዴቪድ ሌንና ባልደረቦቹ በ2005 ያሳተሙት ጥናት 251 ልምድ ያላቸው የማይክሮሶፍት ዎርድ ተጠቃሚዎችን ጠይቆ አብዛኞቹ ለተለመዱ ትእዛዞች እንኳ አቋራጭ ቁልፍ ብዙም እንደማይጠቀሙ አግኝቷል። የልምድ ዓመታት መጨመር በራሱ ሰውን ከማውስ ወደ ቁልፍ አያሸጋግርም። በመሆኑም ቁልፉ ሥራው በሚሠራበት ቦታ፣ በሜኑው ውስጥ መታየቱ ትልቅ ድርሻ አለው።

የማሻሻያ መርሆች

ወጥነት፦ አንድ ቁልፍ በተለያዩ ፕሮግራሞች አንድ ዓይነት ሥራ ቢሠራ ይመረጣል። ወጥነት ሲጎድል የሚመጣውን አደጋ የሺፍት + ዲሊት ጥምረት በደንብ ያሳያል። በዊንዶውስ የጽሑፍ ሳጥኖች ውስጥ ይህ ጥምረት እስከ ዛሬ «ቁረጥ» ማለት ነው፤ የተቆረጠው ጽሑፍ ተመልሶ ይለጠፋል። በፋይል ኤክስፕሎረር ግን ያው ጥምረት ፋይሉን ወደ ሪሳይክል ቢን ሳይልክ ለዘለቄታው ያጠፋል። በመሃል ያለው መከላከያ «እርግጠኛ ነህ?» የሚለው መጠይቅ ብቻ ነው።

መታየት፦ በሜኑው ውስጥ ያልተጻፈ አቋራጭ ለብዙ ሰው እንደሌለ ይቆጠራል። ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ከሜኑ ፊደላት ሥር የሚሰመረው መስመር ኦልት እስኪጫን ድረስ እንዲደበቅ ተደረገ። ገጽታው ንጹሕ ሆነ፤ ነገር ግን አዲስ ተጠቃሚ የሜኑ ፊደል መኖሩን የሚያውቅበት ዕድል ጠበበ። መስመሩን ሁልጊዜ የሚያሳይ ምርጫ በዊንዶውስ የተደራሽነት ቅንብር ውስጥ ይገኛል።

ያለመደጋገም፦ በአንድ ሜኑ ውስጥ ሁለት ትእዛዞች አንድ ፊደል ሲጋሩ ቁልፉ ትርጉሙን ያጣል። በዊንዶውስ እንዲህ ሲሆን ፊደሉ ትእዛዙን አያስፈጽምም፤ ምርጫውን ከአንዱ ወደ ሌላው እያዘዋወረ ኢንተር እስኪጫን ይጠብቃል። ችግሩ የሚባባሰው በቀኝ ክሊክ በሚከፈተው ሜኑ ላይ ነው። ሌሎች ፕሮግራሞች ሲጫኑ የራሳቸውን ትእዛዝ ስለሚጨምሩበት ትናንት በአንድ ምት ይሠራ የነበረ ፊደል ዛሬ ሁለት ሊፈልግ ይችላል። የኬዲኢ ፕሮግራሞች ለሜኑዎች ፊደላትን በራሳቸው እያከፋፈሉ ድግግሞሹን ለመቀነስ ይሞክራሉ።

የአደጋ ርቀት፦ ጉዳት የሚያስከትል ትእዛዝ ዘወትር ከሚጫን ቁልፍ ጎን መሆን የለበትም። በሜኑ ፊደላትም እንዲሁ፤ «ስም ቀይር» እና «አጥፋ» በአንድ ሜኑ ውስጥ ጎረቤት ሲሆኑ ፊደላቸው በኪቦርዱ ላይ መራራቁ ይጠቅማል።

የሚመለስ መሆን፦ ከማስጠንቀቂያ መጠይቅ ይልቅ መቀልበስ የተሻለ መከላከያ ነው። በየጊዜው የሚመጣ መጠይቅ ሳይነበብ «አዎ» የመባል ልማድ ያመጣል። የመቀልበሻ ቁልፍ ግን ስህተቱ ከታወቀ በኋላም ይሠራል። በኮንትሮል + ዜድ ሊመለስ የሚችል ትእዛዝ አጭር አቋራጭ ቢኖረው ችግር የለውም፤ የማይመለስ ትእዛዝ ግን ሆን ተብሎ የሚጫን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ቁልፎች ያሉት ጥምረት ያስፈልገዋል።

ትኩረት የት እንዳለ ማወቅ፦ አንድ ቁልፍ የሚሠራው በዚያ ቅጽበት በተመረጠው የመስኮቱ ክፍል ላይ ነው። ዲሊት በፋይል ዝርዝር ላይ ፋይል ይጥላል፤ ስም በሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ አንድ ፊደል ያጠፋል። ተጠቃሚው ስም እየጻፈ መስሎት ትኩረቱ ወደ ዝርዝሩ ተመልሶ ከሆነ ያልታሰበ ነገር ይደርሳል። ስለዚህ የተመረጠው ክፍል በቀለም ወይም በክፈፍ ጎልቶ መታየት አለበት።

የታወቁ ለውጦች

በናውቲለስ የዲሊት ቁልፍ፦ ግኖም 3 በ2011 ከወጣ በኋላ በናውቲለስ ፋይል ወደ ቆሻሻ መጣያ ለመላክ ዲሊት ብቻውን መጫን አይበቃም ነበር፤ ኮንትሮል + ዲሊት ያስፈልግ ነበር። ዓላማው በስህተት የሚጠፋ ፋይል እንዳይኖር መከላከል ነው። ብዙ ተጠቃሚዎች ግን ዲሊትን ተጭነው ምንም ሳይሆን ሲቀር ፕሮግራሙ የተበላሸ መሰላቸው። በ2016 በወጣው 3.20 ዲሊት ብቻውን እንደገና መሥራት ጀመረ፤ ፋይሉ ሲጠፋ በመስኮቱ ላይ ብቅ የሚለው ማስታወቂያ የመቀልበሻ አማራጭ ስላለው ስህተቱን ወዲያው ማረም ይቻላል። እዚህ ላይ ደህንነቱ የመጣው ቁልፉን በማክበድ ሳይሆን ሥራውን የሚመለስ በማድረግ ነው።

በናውቲለስ የፊደል ፍለጋ፦ ቀድሞ በፋይል ዝርዝር ላይ ፊደል ሲጻፍ ምርጫው በዚያ ፊደል ወደሚጀምረው ፋይል ይዘል ነበር። በ2012 ከወጣው 3.6 ጀምሮ ግን መጻፍ በፎልደሩና በውስጡ ባሉት ፎልደሮች ሁሉ ፍለጋ ይጀምራል። ለውጡ ብዙ ቅሬታ አስነሳ፤ ኡቡንቱ የቀድሞውን አሠራር በራሱ ማሻሻያ ለዓመታት አቆይቶታል።

በዊንዶውስ ባክስፔስ፦ እስከ ዊንዶውስ ኤክስፒ ድረስ ባክስፔስ ወደ ላይኛው ፎልደር ያወጣ ነበር። ከቪስታ ጀምሮ ቀድሞ ወደታየው ቦታ መመለሻ ሆነ፤ ወደ ላይ ለመውጣት ኦልት + ወደ ላይ ቀስት ተሰጠ። ሁለቱ ትእዛዞች ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ቦታ ስለሚያደርሱ ልዩነቱ የሚታወቀው ተጠቃሚው ከሌላ ዲስክ ዘሎ ሲመጣ ነው።

በማክ ፋይል ማዛወር፦ ፋይንደር ለፋይሎች «ቁረጥ» የሚለውን ትእዛዝ አይሰጥም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጽሑፍ ሲቆረጥ ከቦታው ይጠፋል፣ ፋይል ግን ተቆርጦ ሳይለጠፍ ቢቀር የት እንዳለ ግራ ያጋባል። ከ2011 ጀምሮ ማክ ላይ ፋይሉ በኮማንድ + ሲ ይቀዳና መዛወሩ የሚወሰነው ሲለጠፍ፣ በኮማንድ + ኦፕሽን + ቪ ነው። ዊንዶውስ ለዚሁ ችግር የሰጠው መልስ የተቆረጠውን ፋይል እስኪለጠፍ ድረስ ከቦታው ሳያነሳ አደብዝዞ ማሳየት ነው።

በዊንዶውስ 11 የቀኝ ክሊክ ሜኑ፦ በ2021 የመጣው አዲስ ሜኑ ቁረጥ፣ ቅዳና ስም ቀይር የሚሉትን ትእዛዞች በትንንሽ ምስሎች ተካ። መጀመሪያ ሲወጣ የሜኑ ፊደላት አልነበሩትም፤ ለዓመታት በእጃቸው የለመዱትን ፊደል የሚጫኑ ሰዎች በሺፍት + ኤፍ 10 የድሮውን ሜኑ መክፈት ነበረባቸው። ፊደላቱ ከጊዜ በኋላ ተመልሰዋል።

ቁልፎችን በራስ መቀየር

አንዳንድ ፋይል ማኔጀሮች ተጠቃሚው ቁልፎቹን እንዲቀይር ይፈቅዳሉ። በዶልፊን በቅንብር ሜኑ ውስጥ የኪቦርድ አቋራጮች ዝርዝር ይገኛል፤ አዲሱ ጥምረት አስቀድሞ የተያዘ ከሆነ ፕሮግራሙ ግጭቱን ይናገራል። በቱናር የቀድሞ እትሞች ማውሱን በሜኑው ትእዛዝ ላይ አቁሞ የሚፈለገውን ጥምረት መጫን ይበቃ ነበር። ይህ ዘዴ ቀላል ቢሆንም ሳያውቁ ቁልፍ የመቀየር ዕድልም ነበረው። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው ኤክስኤፍሲኢ 4.18 ጀምሮ ቱናር የራሱ የአቋራጭ ማስተካከያ መስኮት አለው።

በማክ የስርዓቱ ቅንብር ውስጥ በኪቦርድ ክፍል ለማንኛውም ፕሮግራም ትእዛዝ አቋራጭ መስጠት ይቻላል፤ የትእዛዙ ስም ግን በሜኑው ላይ እንደተጻፈው ነጥብ ሳይቀር መጻፍ አለበት። ዊንዶውስ ለፋይል ኤክስፕሎረር እንዲህ ያለ መስኮት የለውም። ሆኖም በሬጅስትሪ ወደ ቀኝ ክሊክ ሜኑ የተጨመረ ትእዛዝ በስሙ ውስጥ የ«&» ምልክት በማስገባት የሜኑ ፊደል ሊሰጠው ይችላል።

ማሻሻያው በጋራ ኮምፒዩተር ላይ ሲሆን ጥንቃቄ ያሻል። በትምህርት ቤት ወይም በኢንተርኔት ቤት አንድ ሰው የቀየረው ቁልፍ ቀጥሎ ለሚቀመጠው ሰው ወጥመድ ይሆናል።

ከእንግሊዝኛ ውጭ ያሉ ቋንቋዎችና አማርኛ

አብዛኞቹ አቋራጮች የተመረጡት በእንግሊዝኛ ቃላትና በእንግሊዝኛ ኪቦርድ አደራደር ነው። ቦታው ሲቀየር ጥቅማቸው ይቀንሳል። በጀርመን ኪቦርድ ዜድና ዋይ ቦታ ስለሚለዋወጡ የመቀልበሻው ቁልፍ ከኤክስ፣ ከሲና ከቪ ርቆ ይገኛል። በፈረንሳይ ኪቦርድ ደግሞ ዜድ ወደ ላይኛው መስመር ይወጣል።

የላቲን ፊደል በማይጠቀሙ ቋንቋዎች ሌላ ጥያቄ ይነሳል፦ ፕሮግራሙ ማየት ያለበት የተጫነውን ቁልፍ ነው ወይስ ከቁልፉ የወጣውን ፊደል? የሩሲያኛ ወይም የግሪክኛ አደራደር ሲበራ የሲ ቁልፍ የላቲን ሲን አያወጣም። ፊደሉን ብቻ የሚጠብቅ ፕሮግራም ኮንትሮል + ሲን አያውቀውም። ጥሩ ፕሮግራም በወጣው ፊደል ካላገኘው ያው ቁልፍ በላቲን አደራደር ምን እንደሚሆን ተመልክቶ ትእዛዙን ያስፈጽማል።

በአማርኛ ቀጥተኛ አቋራጮች ብዙ ጊዜ ችግር አይገጥማቸውም። በድምፅ የሚጻፉት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ላይ ተደርበው ስለሚሠሩ ኮንትሮል ሲያዝ ቁልፉን ሳይነኩ ያሳልፉታል። ከባዱ የሜኑ ፊደል ነው። በፊደል ገበታ እያንዳንዱ ሆሄ ተነባቢና አናባቢ አጣምሮ ስለሚይዝ ብዙዎቹ ሆሄያት የሚጻፉት በሁለት ምት ነው። «ፋይል» በሚለው ቃል ውስጥ «ፋ» ከሥሩ ቢሰመርበት ተጠቃሚው ኤፍንና ኤን ተከታትሎ መጫን ይኖርበታል፤ የሜኑ ፊደል ግን አንድ ምት ብቻ ይጠብቃል። ከሥሩ የተሰመረበት ሆሄ ስለዚህ የሚታይ ግን የማይሠራ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው የጃፓን፣ የቻይናና የኮሪያ ትርጉሞች መፍትሔ አግኝተዋል። የትእዛዙ ስም በራሳቸው ጽሕፈት ይጻፍና የሚጫነው የላቲን ፊደል በመጨረሻው በቅንፍ ይቀመጣል፤ ከሥሩ የሚሰመረውም ለዚያ ፊደል ነው። ይህ ዘዴ ለአማርኛም ይሠራል። በተጨማሪም ቁልፉ ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ስለሚሆን በአማርኛ ሜኑ የተማረ ሰው በእንግሊዝኛ ሜኑ ላይም አይቸገርም። ሌላው አማራጭ የሜኑ ፊደሉን በሳድስ መምረጥ ነው፤ ለምሳሌ «ክፈት» በሚለው ውስጥ «ክ» በድምፅ አጻጻፍ በአንድ ምት ይወጣል። ይህ ግን የሚሠራው የአማርኛ መጻፊያው ሲበራ ነው፤ ሁሉም ቃላት ደግሞ ሳድስ ፊደል ላይኖራቸው ይችላል።

ለተርጓሚዎች የሚሰጠው ምክር አጭር ነው። በሚተረጎመው ጽሑፍ ውስጥ ያለውን የ«&» ወይም የ«_» ምልክት መጣል የሜኑ ፊደሉን ያጠፋዋል። በማንኛውም ሆሄ ፊት መለጠፍም እንዲሁ ከንቱ ነው። ምልክቱ በአንድ ምት በሚጻፍና በዚያ ሜኑ ውስጥ ባልተደገመ ፊደል ፊት መቀመጥ አለበት። ይህም የሚረጋገጠው ትርጉሙ ካለቀ በኋላ ሜኑውን ከፍቶ እያንዳንዱን ፊደል በመጫን ነው።

ተደራሽነት

ማውስ መያዝ ለማይችል ሰው አቋራጭ ቁልፍ ጊዜ መቆጠቢያ ሳይሆን ብቸኛው መንገድ ነው። ማየት የተሳነው ተጠቃሚ እንደ ኤንቪዲኤና ኦርካ ያሉ የስክሪን አንባቢ ፕሮግራሞችን ሲጠቀም የትእዛዙ ስም ከነቁልፉ ይነበብለታል፤ ቁልፉ በሜኑው ውስጥ ካልተመዘገበ ግን የሚነበብ ነገር የለም። ሁለት ቁልፍ በአንድ ጊዜ መያዝ የሚቸግራቸው ሰዎች ደግሞ ቁልፎቹን ተራ በተራ ለመጫን የሚያስችለውን የስቲኪ ኪስ አሠራር ይጠቀማሉ፤ በዊንዶውስ ሺፍትን አምስት ጊዜ በተከታታይ በመጫን ይበራል።

የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ የሆነው ደብልዩሲኤጂ ማንኛውም ሥራ በኪቦርድ ብቻ ሊሠራ እንዲችል ይጠይቃል። በ2018 የወጣው 2.1 እትሙ ደግሞ ብቻውን በሚጫን ፊደል የሚሠራ አቋራጭ ሊጠፋ ወይም ሊቀየር የሚችል እንዲሆን ጨምሯል፤ በንግግር ጽሑፍ የሚያስገባ ሰው የሚናገረው ቃል ፊደል በፊደል እንደ ትእዛዝ እንዳይቆጠርበት ነው። መመሪያው ለድረ ገጽ ቢጻፍም ለፋይል ማኔጀርም ይጠቅማል። አንድ ፋይል ማኔጀር በዚህ ረገድ የተሟላ መሆኑን ለማወቅ ማውሱን ነቅሎ ፎልደር መፍጠር፣ ፋይል ወደዚያ ማዛወር፣ ስሙን መቀየርና የመጨረሻውን ሥራ መቀልበስ መቻሉን መሞከር በቂ ነው።

ደግሞ ይዩ

• ኪቦርድ
• ፋይል
• ስርዓተ ክወና
• የፊደል ገበታ